ቀይ ለሐኪሙ፣ አረንጓዴ ለአባዬ

ውሸታም እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ይህን ታሪክ ግን ምላሴን ይቁረጠው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

ፕሪንተሩ እያቃሰተ ወረቀቱን ሲተፋ ብሩሼ ሮጠች። አባቷ ቀደማት።

«ብሩሼ» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ቀለም ቀቢ ነበር፤ የሰፈሩን በርና መስኮት እኩሌታውን የቀባ፣ ቀለሙን በማሽተት ብቻ የሚለይ። ዘንድሮ ግን መርሳት ያዘው። አንድ ቀንማ በገዛ እጁ የቀባውን የቤቱን በር ዞሮ ዞሮ አጣው።

ሐኪሙ «የሚረሳውን እየመዘገባችሁ አምጡልኝ» ሲል፣ ትምህርት ቤት ኮዲንግ የምትማረው ብሩሼ ፕሮግራም ጻፈች። እናቷ የቀኑን በስልኳ ትሞላለች፤ እሁድ እሁድ ፕሮግራሙ ራሱ ሪፖርቱን አሰናድቶ ያትማል። ከላይ የርእሱ ረድፍ በወፍራም ጥቁር፦ ቀን፣ ነገሩ፣ የረሳው። የረሳው ሁሉ ሳጥኑ ቀይ ይሆናል።

አባቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?»

«አባዬ፣ ለሐኪሙ እኮ ነው…»

«ቀይ ለበር ነው፣ የኔ ልጅ። ሰው አይቀባበትም።»

ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋ። ቢጠይቁት አይመልስም፤ ከተሳሳትኩ ይቀቡብኛል ብሎ መሰለኝ።

«አቦ፣ ሰውዬውን እንደ ፈተና ወረቀት አረምሽው!» አላት ወንድሟ።

«ሙድ አትያዝብኝ» አለችው።

ኮዱን ከፈተች። የሐኪሙን እንዳለ ተወችና ለአባቷ እሷው የምትሞላው ሌላ ሠራች። «የረሳው» የሚለውን ርእስ አጥፍታ «ያስታወሰው» ብላ ጻፈች። ያስታወሰው አረንጓዴ፣ ሌላው ነጭ።

በሚቀጥለው እሁድ በገዛ እጇ ሰጠችው። አየው፣ አየውና «ይሄስ ቀለሙ ጥሩ ተበጥብጧል» አለ። ወሬውም ተመለሰ።

«ትናንት ቁልፉን የት እንዳስቀመጥኩ አስታውሻለሁ አይደል?»

«አዎ አባዬ፣ ይኸውልህ።»

ግን አረንጓዴው በየሳምንቱ ሳሳ። ነጩ እንደ አዲስ ግድግዳ ሰፋ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ብሩሼ አጠገቡ ቁጭ ብላ «አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለችው። ፊቷን ትክ ብሎ አይቶ «ብሩሼ ነሻ!» አላት፤ ሳጥኗም አረንጓዴ ሆነች።

እሺ፣ እዚህች ላይ ዋሽቻለሁ። አልጠራትም። ፈገግ ብሎ «የማን ልጅ ነሽ፣ እናቴ?» ነው ያላት። ወንድሟ «አረንጓዴ አድርጊያት በቃ፣ ማን ያውቃል?» ብሎ ለመናት። ብሩሼ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፈች ብዙ ቆየች። ከዚያ አነሳችው፤ ሳጥኗን ነጭ እንደሆነች ተወቻት።

እኔን ነው ነጭ አድርጌ መተረክ ያላስቻለኝ።