አማቴ ተኝታ ታድግ ነበር

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

«ማጋነን ነው» የምትሉ እዚሁ ላይ አቁሙና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ዛሬ ማንንም የማሳመን ትዕግሥት የለኝም።

እኩለ ሌሊትና የመቃብር ሥፍራ የምትጠብቁም አታገኙም። የሆነው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ። አንዷ ጎረቤት በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ ታራግፋለች።

እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። እኔ፣ ልጄ... እና አማቴ።

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቤቱ ከሚያድርበት ቀን መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። እኔ ጫማ ቤት ሻጭ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ስለካ እውላለሁ። አማቴ ደግሞ ጡረታ የወጣች የስፖርት አስተማሪ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። ጡረታ ከወጣች ስንት ዘመኗ፣ ፊሽካዋ ግን ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ለምሳ እንኳ በፊሽካ ነው የምትጠራን።

ድሮ አንቱ እላት ነበር። አሁን አንቱታው ከአፌ አይወጣም። ነውር ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ በሉ።

እኔና እሷ ዓይንና ናጫ ነበርን። ኃጢአቴ ቁመቴ ነው። እሷ መለሎ፣ እኔ ድንክ። ልጄም ወደ እኔ አደላች። ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ገና አንደኛ ክፍል ትመስላለች። «ሚጢጢ» ብላ ስም ያወጣችላት አያቷ ናት፤ ስሙን ብጠላውም ተጣብቆባት ቀረ።

«ልጄ መሰላል የሚያህል ሰው ነበር፤ ይቺን አግብቶ በርጩማ ወለደ» ትል ነበር፣ ሰው ፊት።

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። የቲቸር ሕግ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጫማችንን አውልቀን፣ ተረከዛችንን አስጠግተን፣ ከሳሎኑ በር መቃን ጋር እንቆማለን። እሷ ጭንቅላታችን ላይ መጽሐፍ አጋድማ ቁመታችንን እንጨቱ ላይ በእርሳስ ታሰምራለች። የእሷን ደግሞ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ አሰምራለሁ።

አንድ ቅዳሜ የእሷን ሳሰምር... እርሳሱ ከድሮው መስመር በታች አረፈ።

«ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ቲቸር።»

«ቀጥ ብያለሁ።»

«እንግዲያውስ አጥረዋል።»

ይህን ስላት አንጀቴ ቅቤ እንደጠጣ አልደብቃችሁም። እርሳሱን ከእጄ ነጥቃ ክፍሏ ገባች። ያን ቀን ፊሽካ አልተሰማም።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ተለጠፈ። አንድ ድምፁ የተሞረደ ሰውዬ በዩቲዩብ ስለ እድገት ሆርሞን ያወራላታል። ልጅ ሳለን ሰውነታችን በገፍ ያመነጨዋል፣ እድሜ ሲገፋ ግን እንደ ምንጭ እየነጠፈ ይሄዳል ይላል። መድኃኒትም መርፌም አያስፈልግም፤ በተፈጥሮ መንገድ ከፍ ማድረግ ይቻላል ይላል። በጊዜ መተኛት፣ ያውም በጨለማ ክፍል። ከመሸ አለመብላት። ጣፋጭ መተው። ላብ እስኪንጠፈጠፍ መሥራት።

ምክሩ ክፉ አይደለም። ሐኪምም ቢሆን ተኙ፣ ተንቀሳቀሱ ነው የሚለው። ቲቸር ግን አንድ ነገር ከያዘች ልጓም የላትም። የፎቁን ደረጃ በሩጫ ትወጣዋለች፣ በሩጫ ትወርደዋለች። እራት ተወች። የመኝታ ቤቷን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ጠረቀመችው።

«እንደ ሕፃን ተኝተው ሊያድጉ ነው እንዴ?» አልኳት ሳቄን እያፈንኩ።

አልሳቀችም። ሚጢጢን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት...

«የሰው ልጅ የሚያድገው ተኝቶ ነው» አለች። «ይቺ ልጅ የቀጨጨችው እያመሸች ስለምትተኛ ነው። ከእኔ ጋር ትተኛ። ቅዳሜና እሁድ ከምሳ በኋላም አስተኛታለሁ።»

እፎይ አልኩ። ልጁ በጊዜ ቢተኛለት ማን ይጠላል? ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

መጀመሪያ ቀለበቷ ጠበባት። በሳሙና አሟልጨን በስንት መከራ አወጣነው።

ቀጥሎ ጫማዋ ጠበባት። «አንድ ቁጥር ከፍ ያለ አምጪልኝ» አለችኝ። እድሜ ሲገፋ እግር ይሰፋል፤ በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ። አመጣሁላት። ብዙም ሳይቆይ እሱም እምቢ አላት። መለኪያውን ብረት ከሱቅ ይዤ መጥቼ እግሯን ለካሁት።

አልሰፋም... ረዝሟል።

የሽበቷ ሥር መጥቆር ጀመረ። መቃኑ ላይ የድሮ መስመሯን አልፋ ሄደች። «ሰውዬው ያለው ሁሉ ልክ ነው!» እያለች ፊሽካዋን እንደ ጎረምሳ ትነፋለች።

በዚያው ሰሞን የሚጢጢ ጫማ ደረጃ ላይ ወልቆ ወደቀ።

ጫማ ሲለበስ ይላላል ብዬ ውስጡ ሶል ጨመርኩበት። በማግስቱ እንደገና ወለቀ። ጉልበቷ ላይ የነበረው የዩኒፎርም ቀሚሷም ወደ ታች ወረደ። መቼም ቀሚስ ታጥቦ ሲያጥር እንጂ ሲረዝም አላየሁም።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ለካ፣ መዘነ፣ የድሮ ካርዷን አገላበጠ።

«ልጅ ወደ ታች አያድግም፣ እናት። ያን ጊዜ የለካት ሰው ተሳስቶ ነው» ብሎ አሰናበተን።

ለባሌ ደወልኩ።

«ሚጢጢ እያጠረች ነው።»

«ምን?»

«እናትህ ደግሞ እየረዘሙ ነው።»

ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማኛል። «በፈጠረሽ፣ እናቴን ለቀቅ አድርጊያት!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ጠዋት ሚጢጢን ጥርሷን ላስቦርሻት አፏን አስከፈትኳት። የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ብቅ ካለ ሰንብቷል። ጣቴን ሰድጄ ፈለግሁት... ድዷ ልሙጥ ነው። አልተሰበረም። አልደማም። ጭራሽ ያልበቀለ ይመስላል።

«ጥርስሽ የት ሄደ?»

«እንጃ።»

ቀና ስል ቲቸር ከኋላችን ቆማለች። መስተዋቱ ውስጥ ፈገግ አለችልኝ። ከዓመታት በፊት ጥርሷን ያስነቀለችበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ጥርስ በቅላለች። ነጭ፣ ጫፏ እንደ መጋዝ የሆነ... የልጅ ጥርስ።

ልጄን ይዤ ልውጣ ብል ወዴት? ሥራ ልቅር ብል የቅዳሜ ገበያ ነው። «ዛሬ ከሰዓት እንዳያስተኟት» ብዬ ሄድኩ። «እሺ» አለችኝ። እሺ ማለቷ ነው የከነከነኝ፤ ቲቸር እሺ ብላኝ አታውቅም።

ሱቅ ውስጥ አንድ ደንበኛ እግር ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ የቲቸር «እሺ» ትዝ አለኝ። መለኪያውን እዚያው ጥዬው ወጣሁ።

ቤት የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ቤቱ ጭጭ ብሏል።

የቲቸርን ክፍል በር በቀስታ ገፋሁት። ከሳሎን የገባው ብርሃን አልጋው ላይ ወደቀ።

አቅፋት ተኝታ ይሆናል ብዬ ነበር። አላቀፈቻትም።

ቲቸር በራስጌ፣ ሚጢጢ በግርጌ። ሁለቱም ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ውስጥ እግራቸውን ገጥመዋል። ትልቁ እግር ትንሹን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል።

አንዷ ስትተነፍስ... ሌላዋ ወደ ውስጥ ትስባለች።

«ቲቸር...»

«ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እያደገች ነው።»

«ማን?»

ትልቁ እግር ትንሹን ይበልጥ ተጫነው።

«ማን ናት የምታድገው? አንቺን እኮ ነው!»

አንቺ ስላት ያ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄን በብብቷ ይዤ ነጠቅኋት። ክብደቷን እጆቼ አወቁት፤ ጡት ያስጣልኳት ሰሞን እንደዚህ ነበረች።

ቲቸር ከአልጋው ተነሳች። መነሳቷ ቶሎ አላለቀም... ቆማ ስትጨርስ አናቷ አምፖሉን ገጨው።

«መልሻት» አለች።

ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወጣሁ። እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። ልጆቹ ኳሳቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር፤ ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ነበርና ባዶ እግሬን ነኝ ለካ።

እህቴ ቤት ገባን። አንዲት ክፍልና አንድ አልጋ ሰጠችን፤ ጫማዬንና ልብሳችንንም ከዚያ ቤት አመጣችልን። ሚጢጢን ጉያዬ ውስጥ ሽጉጬ መተኛት ጀመርኩ። ማንም ከእኔ ፈልቅቆ አይወስዳትም፤ ይህን ለራሴ ማልኩ።

አንድ ረፋድ የእህቴ በር ተንኳኳ። በእግሬ ጣቶች ቆሜ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ፊት የለም። ፊሽካ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ክፈቺ።»

ድምፁ ወፍሯል። የመጣውም ከበሩ አናት ላይ ነው።

«ሂጂልኝ! ሌባ!»

«አልሰረቅኩም። እግሯን ዘርግታ የፈለገችኝ እሷ ናት። ተኝታ ነው የምትሰጠው... ለተጠጋት ሁሉ።»

«ውሸታም!»

«ስጠላሽ ኖሬያለሁ፣ ዛሬም እጠላሻለሁ። ግን ስሚኝ። ብቻዋን አስተኚያት። አጠገቧ እንዳትተኚ።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «እኔ ተዪ ብባልም መተው አልቻልኩም።»

ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አላመንኳትም። ለእናት እንዲህ ይባላል? እልህ ይዞኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበልጥ አጥብቄ አቅፌያት ተኛሁ። ሚጢጢ ግን ማጠሯን አልተወችም። አሁን የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ጫማ ይሰፋታል... እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ነው። አያቷ ከሩቅ ሆና እየሳበቻት ነው ብዬ ስረግማት ከረምኩ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ጫማዬን አነሳሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ቁጥሬ ተለውጦ አያውቅም።

አልገባልኝም።

የእህቴን አንስቼ ይሆናል ብዬ አገላበጥኩት። የእኔው ነው። ተረከዙ በአንድ ጎን ተበልቷል፣ እንደ አረማመዴ።

አልጋው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ሆኜ ነው። ሚጢጢ ተኝታለች። ከእሷ ልራቅ ብዬ እግሬን ዘርግቼ ወደ ግርጌ ሸሸሁ።

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ።

አልነቃችም። ትንሽ እግሯ ብቻ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ... ወዲያ ወዲህ ዳሰሰ... ውስጥ እግሬን አገኘው። ገጠመ።

ደስ የሚል ሙቀት አለው።

እግሬን ማንሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ። እስካሁን ግን አላነሳሁትም።