ሁሉም አረንጓዴ

በጨረቃ ከተማ ጠያቂው «እንዴት አደርክ?» ሳይለው ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው የለም። ጠያቂ ማለት ነዋሪውን በየማለዳው በስሙ እየጠራ ስለ ጤናው የሚጠይቅ፣ መልሱንም ወደ ጽሑፍ ለውጦ የሚያነብ መሣሪያ ነው። ደህና የሆነ ሰው ደረቱ ላይ የተሰፋችው መብራት አረንጓዴ ትበራለች፤ የታመመ ወይም የተቸገረ እንደሆነ ቀይ ትሆንና ሐኪም ይላክለታል።

የዚያን ዕለት ማለዳ ግን ጠያቂው ዝም አለ። በየግድግዳው ስክሪን ላይ «የሰርቨር ውስጣዊ ስህተት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የምትጠራው የጥገና ባለሙያዋ ስንዱ ናት። ጠያቂውን የሚያንቀሳቅሰው የትእዛዞች ዝርዝር፣ ስክሪፕቱ፣ የተጻፈው ፐርል በሚባል፣ ከምድር ተጭኖ በመጣ የጥንት የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ጸሐፊውም ቋንቋውን ገና እየተማረ የነበረ ሰው ነው። የእሱን ጣጣ የወረሰችው ስንዱ እንቅልፍ ከጠገበች ቆይታለች፤ ሌሊቱንም ሌላ ብልሽት ስትጠግን ነው ያደረችው።

«ስንዱዬ፣ እባክሽ ቶሎ በይ» አለ የፈረቃ ኃላፊው ሞቱማ። «ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሟል።»

«ቶሎ የሚያልቅ ቢሆንማ እኔን ባልጠራኸኝ።»

ጀማሪ የሚስተውን ሁሉ በተራ ፈተሸች። ፋይሉ የመሥራት ፈቃድ አለው፤ መስመሮቹም በወጉ ተዘግተዋል። የመጀመሪያዋ መስመር ግን ፐርልን የምትፈልገው በአሮጌው ሰርቨር፣ በቀድሞው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ አድራሻ ነበር፤ ሰርቨሩ ሲቀየር የነገራት የለም። አስተካከለችው። ጠያቂው ነፍስ ዘራና እሷንም ሌላውንም ጠየቀ፤ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ።

«ተባረኪ! በቃ፣ ሂጂ ተኚ» አለ ሞቱማ።

መተኛት እንዴት አምሯት ነበር! ግን የሠራችውን ሳታይ መሄድ አይሆንላትም፤ ከገቡት መልሶች አንዳንዱን ከፍታ አነበበች። ዋሻ ሰባት ውስጥ ያደሩት የበረዶ ቆፋሪዎች አለቃ፣ ጋሽ ባይሳ፣ እንዲህ ብለዋል፦ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንዴት አደራችሁ? ብቻ አየሩ ትንሽ ከበድ ብሎናል፤ ልጆቹንም እንቅልፍ እንቅልፍ እያላቸው ነው።»

መብራታቸው አረንጓዴ ነበረች። የዋሻው የአየር መለኪያ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ጠያቂው አለ ተብሎ ማንም ለጥገናው አልቸኮለም።

«ሞቱማ! ዋሻ ሰባትን አስወጣ! አየር እያለቀባቸው ነው!»

ሞቱማ ሮጠ። እሷ ስክሪፕቱ ላይ አፈጠጠች። ይሄኛው ስህተት እንደ መጀመሪያው ራሱን የሚያሳውቅ አልነበረም። ጀማሪው «ደህና» የምትል ቃል ከተገኘች አረንጓዴ አብራና ወደሚቀጥለው ሰው እለፍ ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያነበው የለም። ባዕድ ቢጽፈው ባልገረማት። የእኛ ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ደህና ነኝ፣ ተመስገን ሳይል ወደ ችግሩ እንደማይገባ እንዴት ይጠፋዋል? እስከ ዛሬ ቀይ ሲበራ የሚታየው ሕፃናት ላይ ብቻ የነበረው ለካ ለዚህ ነው፤ ሕፃን ይሉኝታ አያውቅም።

«ወጥተዋል» አለ ሞቱማ በሬዲዮ፣ እያለከለከ። «ሁለቱ ራሳቸውን ስተዋል፣ ግን ይተነፍሳሉ። ጋሽ ባይሳ ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ እያሉ ነው።»

ስንዱን ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ስክሪፕቱ ሰላምታውንና ምስጋናውን አልፎ ቀሪውን እንዲያነብ አደረገችና የማለዳውን መልስ ሁሉ እንደገና አስነበበችው። በስክሪኑ ላይ የሚታዩት የነዋሪዎቹ መብራቶች አንድ በአንድ ይቀሉ ጀመር። ወገቧን የሚያማት የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ልጁ ከምድር መደወል የተወችበት አባት፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ራሱ ሐኪሙ። ከተማው እንዲህ ታሞ መክረሙን ማንም አላወቀም፤ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ነበር።

ሞቱማ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፤ ዓይኑም ደረቷ ላይ ባለችው መብራት ቀረ። ስንዱ ዝቅ ብላ አየቻት። ቀልታለች። ለጠያቂው የመለሰችለት ትዝ አላት፤ በየቀኑ የምትለው ነው። ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ብቻ ደክሞኛል።

«ስንዱ፣ ደህና ነሽ?»

አፏ እንደ ልማዱ ሊመልስ ተከፈተ። መልሳ ዘጋችው።

«አይደለሁም» አለች፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ እስኪቀመጥም ጠበቀችው።