ቆይ፣ አታስነሳው!

ድሮኑ ተነሳ ሲባል አፍንጫውን ደፍቶ ሲሚንቶው ላይ ተገለበጠ። ፕሮፔለሮቹ ወለሉን ሁለት ሦስቴ ገረፉና ዝም አሉ። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ድሮን ነው በረሮ?» አለ ከኋላ አንዱ።

ለሊሴ ሪሞቱን በሁለት እጇ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ የቀድሞ ተማሪ ለቴክኖሎጂ ክበቡ ሁለት ድሮን ሰጠ ሲባል ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። በወላጆች ቀን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ የሚያበርረው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ያ ተማሪ እኔ መሆን አለብኝ ብላ ስታልም ነበር የከረመችው። ሕልሟ የቆየው ሦስት ሰከንድ ነው።

«ወደፊት ገፍተሽው ይሆናል» አሉ የፊዚክስ መምህርቷ ሰብለወንጌል። እሳቸውም ቢሆኑ ድሮን ሲነኩ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር።

አልገፋሁም ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እውነት አልገፋሁም? እንጃ። ያን ሁሉ ሳቅ የሰማ ሰው በራሱ ጣት እንኳን አይተማመንም።

የአብስራ የተባለው ልጅ ድሮኑን አንስቶ ወደ ሳጥኑ መለሰው። የክበቡ ጸሐፊ እሱ ነው፤ ድሮኖቹ የሚቀመጡበትን ቁምሳጥን ቁልፍ የሚይዘውም እሱ። ከለሊሴ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ላይ ነው የሚኖሩት፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ አራተኛ። «አይዞሽ ጀለሴ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እንደመጣ ነው፣ ማንም አልነካውም። እጅሽ ነው ትንሽ የከበደው።»

መምህርት ሰብለወንጌል ግን ዝም ብለው አልሸኟትም። የአብራሪው ምርጫ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ በምሳ ሰዓት በፈለግሽው ተለማመጂ ብለው ሁለቱን ድሮኖች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡላት። አንዱ ያ የገለበጠችው ነው፤ ግራጫ፣ ባለካሜራ፣ ሲያዩት ልብ የሚያጠፋ። ሌላዋ መዳፍ የምታክል፣ ካሜራ የሌላት፣ ዙሪያዋን በፕላስቲክ ቀለበት የታጠረች። ልጆቹ «ሚጢጢ» ብለው ሙድ ይይዙባታል።

«ቲቸር፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?»

«ለጀማሪ? ብትወድቅ የማታለቅሺባትን።»

ለሊሴ ሚጢጢን አነሳች። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን የመረጠችው ከብልጠት አይደለም። ትልቁን ፈርታው ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አየር ላይ ማቆም ብቻ ነበር። የድሮኗን ጀርባ ወደ ራሷ አዙራ በዓይኗ ልክ ታነሳታለች፤ ሚጢጢ መጋረጃ ውስጥ ትገባለች። ታነሳታለች፤ ግድግዳ ትገጫለች። ቀለበቱ ባይኖር ኖሮ በሁለት ቀን አፈር በልታ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ግን እስከ ሃያ እየቆጠረች ታቆማት ጀመር።

መከራው የመጣው ድሮኗ ፊቷን ስታዞር ነው። ፊት ለፊት ሲሆኑ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ለሊሴ ትመልሳታለች ስትል ትብስባታለች። ጨርሼ አልችልም ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል መልሱን ቤቷ ደጃፍ አገኘችው።

አባቷ ሂርጳ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ያን ቀን ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ መኪናውን በሁለት መኪና መሀል ማቆም ያቃተው ጎረቤታቸውን ብሎኩ ስር ቆሞ ያስገባል። «ና! ና! ና! ወደ ቀኝ ቁረጥ! መልስ! አቅና… በቃ!» ሰውዬው እንደ ቅቤ ገባ።

«አባዬ፣ ፊት ለፊቱ ቆመህ ቀኝና ግራው እንዴት አይምታታብህም?»

«እኔ መቼ እዚህ ቆምኩ?» ሳቀ አባቷ። «ልቤ ጋቢና ገብቶ ነዋ! አንቺ ውጭ ቆመሽ ከነዳሽ አጥር ነው የምታፈርሺው።»

በማግስቱ ለሊሴ በሐሳቧ የሚጢጢ ጋቢና ገባች። የራሷን ቀኝ ረሳችና የድሮኗን ቀኝ ያዘች። መጀመሪያ አንዱን ወንበር ዞረች፣ ቀጥላ ሁለቱን፣ በሦስተኛው ሳምንት አምስት ወንበር በስምንት ቁጥር እየተሽሎከለከች። ብቻዋን ነበረች፤ ቢሆንም «እሰይ!» ብላ ጮኸች።

ምርጫው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት የሚጢጢ አንድ ፕሮፔለር ተሰበረ። ለሊሴ ከመለዋወጫው አንድ አውጥታ ገጠመችና አስነሳች። ሚጢጢ በአንድ ጎኗ ዘንበል አለችና ድፍት።

ልክ ያኔ እንደሆነው። ግን በዚህ ጊዜ ጣቷን ታውቀዋለች፤ አልነካችውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራ ጣት ነው። እኔ አይደለሁም፣ አለች፤ እንግዲህ ዕቃው ነው።

አገላብጣ አየች። ከአራቱ ፕሮፔለሮች ሁለቱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለ፣ ሁለቱ ላይ የለም። ክንዶቹም እንዲሁ ናቸው፤ ባለነጥቡ ለባለነጥቡ ነው፤ ሁለቱ ዓይነት የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። እሷ ነጥብ የሌለውን ባለነጥቡ ክንድ ላይ ገጥማ ኖሯል። በካቻቢቴ ፈታ ቀየረችው። ሚጢጢ ቀጥ ብላ ተነሳች።

ያን ጊዜ፣ ከወደቀ ወዲህ ማንም ያላስነሳው ትልቁ ድሮን ትዝ አላት። ሚጢጢን ልትመልስ ስትሄድ ሳጥኑን ከፈተችው። የፊቱ ሁለት ፕሮፔለሮች ከኋላዎቹ ይልቅ አዲስ ናቸው፤ ነጥቦቻቸውም ተለዋውጠዋል። ሰው ቀይሯቸዋል ማለት ነው። ያም ሰው ቁልፍ አለው።

መጀመሪያ ደስታ ነው የተሰማት። አልጣልኩትም! ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ።

ወደ ሰፈር ሲሄዱ የልደታ ማርያምን አጥር እንዳለፉ ጠየቀችው። «የአብስራ፣ ትልቁን ድሮን ከእኔ በፊት ነክተኸው ነበር?»

«እኔ? በጭራሽ!» አለ፤ ግን አላያትም። «ምነው፣ አሁንም ያ ነገር አለቀቀሽም? ሰው እኮ ሁሉ ነገር አይችልም። ቅዳሜ በትልቁ የምወዳደረው እኔ ነኝ፣ አንቺ በሚጢጢሽ ተጫወቺ።»

ለሊሴ ጥርሷን ነከሰች። ልጁ ነጥቡን እንደማያውቅ ገብቷታል፤ አውቆ ቢሆን ኖሮ በዚያ ድሮን አይወዳደርም። ቅዳሜ ሰው ፊት ያስነሳዋል፤ ከዚያ ድፍት። ይቅመሳት! አለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ያን ቀን ማታ በዚህ ሐሳብ ደስ ብሏት ተኛች፤ ዓርብም ዋለችበት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ መጥተው ከፊት ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። የአብስራ ትልቁን ድሮን መሀል አስቀመጠና ሪሞቱን ያዘ። ለሊሴ ፊቱን ልታይ ነበር የጠበቀችው፤ ዓይኗ ያረፈው ግን አውራ ጣቱ ላይ ነው። ሪሞቱን ከመጨበጥ ብዛት ነጥቷል። ያን አጨባበጥ ታውቀዋለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ሳቅም ታውቀዋለች፤ ለሦስት ሳምንት ጆሮዋ ውስጥ ቆይቷል። ልጆቹ ደግሞ በጣም ቀርበዋል።

ዝም በይ፣ አለች ለራሷ። አልቻለችም።

«ቆይ፣ አታስነሳው!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «ቀናች!» አለ አንዱ። ለሊሴ መሀል ገብታ ተንበረከከችና ነጥቦቹን ለመምህርት ሰብለወንጌል አሳየቻቸው። መምህርቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩ። «እኔን ብሎ አስተማሪ!» አሉ። «ያኔ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ማን ነው የቀየራቸው?»

ለሊሴ ካቻቢቴውን እያዞረች ቀና አላለችም። ስሙ አፏ ላይ ደርሷል። ራሱ ይናገረው ብላ ዋጠችው። አንዱን ብሎን ፈታች። ሁለተኛውን ፈታች።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለ የአብስራ። ድምፁ ሊሰማ አልቻለም፤ ደገመው። «ደብቄ አስነስቼው መስኮት ገጨሁት። ነጥብ እንዳለው አላወቅኩም። ያን ቀን የወደቀው… በለሊሴ ጥፋት አይደለም።» ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ማንም አልሳቀም።

ለሊሴ ፕሮፔለሮቹን በየቦታቸው ገጥማ ልጆቹን ወደ ኋላ አስጠጋችና ሪሞቱን ያዘች። ትልቁ ድሮን ተነሳ፤ ነፋሱ ቀሚሷን ገፋው። በዓይኗ ልክ አቆመችው፣ ፊቱን አዞረችው፣ አንድ ዙር ወሰደችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ፈርታዋለች፤ ጣቶቿ ግን የለመዱትን ሠሩ። ጭብጨባው ሲመጣ የምታደርገውን አሳጥቷት ሳቀች።

«እንግዲህ በወላጆች ቀን ይሄ ያንቺ ነው» አሉ መምህርት ሰብለወንጌል።

ለሊሴ ግራጫውን ድሮን አየችው። ከዚያ ወለሉን የሞሉትን ልጆች አየች። በወላጆች ቀን ከነዚህ የሚያንሱ ሕፃናት ይኖራሉ፣ የግራጫው አንድም ፕሮፔለር ደግሞ ቀለበት የለውም።

«ሚጢጢን ነው የማበርረው ቲቸር።»

«አቦ ምን አይነት ፋራ ናት!» አለ ያ ከኋላ ያለው።

«ፋራ ልሁን» አለች ለሊሴ፤ ከልቧ ነበር። «ግን ብቻዬን አይሆንም። እኔ ድሮኗን ሳይ ዙሪያውን የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

እጆች ወጡ። የአብስራ እጁን አላወጣም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያያል። ለሊሴ አሁንም ተናዳበታለች። ቢሆንም ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«የምታየውን ነው የምትነግረኝ» አለችው። «ደስ እንዲለኝ ብለህ አይደለም፣ ፈርተህም አይደለም። ያየኸውን ብቻ። ትችላለህ?»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሚጢጢን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ዙሪያው ነጻ ነው?»

የአብስራ ቸኩሎ አልመለሰም። በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፣ ጎንበስ ብሎም አየ።

«አይደለም» አለ። «አንዷ ልጅ እግሯን አልሰበሰበችም።»

ለሊሴ ጣቶቿን ከሪሞቱ አነሳችና ጠበቀች።