የአባባ ገብረንጉስ ሸሚዝ

«አንድ ቀርቶሻል፤ የአንገቱ» አሉ አባባ ገብረንጉስ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው።

ምሕረት የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈችላቸውና የግድግዳውን ሰዓት ሰረቅ አድርጋ አየች። ለቀጠሮው የቀራቸው አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

«አሁን ክራባቴን።»

«አባባ፣ ዛሬ ክራባቱ ቢቀርስ?»

«ለምን ይቀራል? እኔ እኮ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ሱቅ የነበረኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ፊት እንደ ፋራ አንገቴን ገልጬ ልቅረብ?»

«አይ፣ እንዳይሞቅዎት ብዬ ነው።»

«በሮም የካቲት ነው የሚሞቀኝ?» ብለው ሳቁ። የሳቀው ግን የፊታቸው ግራ ጎን ብቻ ነበር። ቀኙ ጎን ከዓመት በፊት ድንገት ወድቀው ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ አይስቅም። ቀኝ እጃቸውም እንደዚያው። ስንቱን ሙሽራ ያለበሰ እጅ፣ ዛሬ ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል።

አልጋው ጫፍ ላይ እናቷ ከሮሙ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ የገዛችላቸው ግራጫ ሹራብ ተጣጥፎ አለ። ሰፊ ነው፤ ቁልፍ የሚባል የለውም። አባባ አንድ ቀን እንኳ አልለበሱትም። «ይሄ ልብስ ነው ከረጢት? ድንች ክተቺበት» ብለው ነበር ገና ሲያዩት።

ምሕረት ክራባቱን አሰረችላቸው። ከዘራቸውን ስታቀብላቸው ግን በግራ እጃቸው ገፉት።

«እሱ ይቅር። አንቺ አለሽ አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ደርግ ቤታቸውንና ሱቃቸውን ሲወርስባቸው፣ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሮም መጡ። አባታቸው ጣሊያናዊ ስለነበሩ የአገሩ ዜግነት ነበራቸው። የምሕረት እናት እታገኘሁ የምትሠራው አንዲት ሲኞራ ቤት እያደረች ነው፤ ወደ ቤቷ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ። በቀሩት ቀናት አባባን የምታለብሳቸው፣ ምግባቸውን ቆራርጣ የምታቀርብላቸው፣ ደግፋ የምታስኬዳቸው የአሥራ አራት ዓመቷ ምሕረት ናት።

በዚያ አገር፣ ያለ ሰው እርዳታ መኖር ለማይችል ሰው መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ አለ፤ አኮምፓኛሜንቶ ይሉታል። አባባ ባለፈው ክረምት የሐኪሞች ኮሚሲዮኔ ፊት ቀርበው ነበር። ያን ቀንም በሙሉ ልብስ፣ በክራባት፣ ጫማቸው ተወልውሎ ነው የገቡት። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ደህና ያልሆነ ሰውስ ቢሆን ሌላ ምን ይላል? በእኛ ዘንድ እንግዳ ሰው ፊት ሕመሙን የሚዘረዝር ማን አለ? ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤው መጣ፦ «አመልካቹ ራሱን ችሎ የዕለት ኑሮውን ያከናውናል።»

ይግባኝ ብለው ነው ዛሬ እንደገና የተጠሩት። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለም።

እሑድ ዕለት እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንዲህ ብላት ነበር፦

«አሎራ፣ እንግዲህ ስሚኝ ምሕረት። ሲኞራዋ ማክሰኞ አልለቅሽም ብላኛለች፤ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። እሺ ካሉን፣ ከታች ያለችውን አብረኸትን ለጠዋት ለጠዋቱ እንቀጥራታለን። እምቢ ካሉን ግን በሰኔ ስኩዎላ ሜዲያን፣ መለስተኛውን ሁለተኛ ደረጃ፣ ስትጨርሺ ቤት ትቀመጫለሽ። እኔ ሥራ ካቆምኩ የምንኖርበት የለንም። አባባ ደህና ነኝ ሲሉ ዝም እንዳትዪ። ተናገሪ።»

«እሺ፣ እማ።»

ሰኞ ደግሞ አባባ ጠሯት። «ነገ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ፣ ምሕረትዬ። የምናገረው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ አባባ።»

አያችሁ፣ ሁለት ጊዜ እሺ ማለት ቀላል ነው። ሁለቱን እሺ ይዞ በአንድ በር መግባት ነው ጭንቁ።

ከሰፈራቸው ከቶር ፒኛታራ ትሬኒኖውን፣ ትንሹን የከተማ ባቡር፣ ያዙ። አንዱ አመለጣቸው፤ የአባባ ቀኝ እግር ደረጃውን ሳይወጣ በሩ ተዘጋ። በሁለተኛው ሲሄዱ የምሕረትን ትምህርት ቤት አለፉ። በሩ ተዘግቷል። በዚህ ዓመት ያ በር ስንት ቀን ተዘግቶ እንደጠበቃት የሚያውቀው ማርፈዷ የሚመዘገብበት ደብተሯ፣ ሊብሬቶዋ ነው። እናቷን ስታስፈርም «ትሬኒኖው ዘግይቶ ነው» ትላታለች። አባባን ደግሞ፣ ሸሚዛቸውን ስትቆልፍ እንዳይቸኩሉላት፣ «የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አስተማሪ የለንም» ትላቸዋለች።

«ያ ትምህርት ቤትሽ አይደለም?» አሉ አባባ በመስኮቱ እያዩ።

«አዎ።»

«ጸጥ ብሏል።»

«ገብተው ነዋ።»

አባባ በሩ ከዓይናቸው እስኪሰወር በመስኮቱ አዩት።

መጠበቂያው ክፍል ሞልቶ ነበር። አጠገባቸው አንዲት ወፍራም ሮማዊት አሮጊት በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ጸጉሯን ሳታበጥር ተቀምጣለች። ድንገት ተነሥታ፣ ፈጠን ፈጠን ብላ ሄዳ ውኃ ቀድታ ጠጣች። ልጇ አፈረ መሰለኝ፣ ቀላ።

«ማማ! ተቀመጪ እንጂ፣ ያዩሻል!»

«ጠማኝ፣ ምን ላድርግ!» አለችና አባባን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። «አሁን አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? ሚኒስትር ነው የምትመስለው!»

«ግራትሲዬ፣ ሲኞራ» አሉ አባባ፣ ደስ ብሏቸው።

ቁጥሯ ሲጠራ አሮጊቷ በአንዴ ጎበጠች። ልጇ ታቅፏት እያቃሰተች ገባች። ምሕረት ሳቋ መጣ፤ አባባን ስታይ ግን ተወችው። አሮጊቷ ለማግኘት ነው የምትዋሸው። አባባ ግን ለማጣት ነው የሚዋሹት።

«ቁጥር አሥራ አንድ!»

ከበሩ እስከ ወንበሩ ስድስት እርምጃ ይሆናል። አባባ ክብደታቸውን በሙሉ በምሕረት ክንድ ላይ ጣሉ፤ ለሚያያቸው ግን እሳቸው እሷን ይዘው የሚያስገቧት ይመስሉ ነበር። ይህን ጥበብ ለብዙ ወራት ተለማምደውታል።

ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች አሉ፤ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ሐኪም፣ አንድ ወጣት ሐኪምና በታይፕ የምትጽፍ ሴት።

«እንዴት ነዎት?» አለ ሽማግሌው በጣሊያንኛ።

«ቤኔ፣ ግራትሲዬ አ ዲዮ» አሉ አባባ፤ ያንኑ ያለፈውን ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ማለታቸው ነው።

ታይፑ ቀጭ ቀጭ አለ።

«ይራመዳሉ?»

«እራመዳለሁ።»

«ምግብ?»

«ራሴ እበላለሁ።»

«ልብስዎን የሚያለብስዎት ሰው አለ?»

አባባ ፈገግ አሉ። «ዶቶሬ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይሄን ኮት የሰፋሁት ራሴ ነኝ።»

«ድንቅ ነው፣ እውነትም» አለ ሐኪሙ። ታይፑ ቀጭ ቀጭ አለ። እያንዳንዱ ድምፅ ምሕረትን ጀርባዋ ላይ የሚመታት መሰላት። አፏን ከፈተች። አባባ ሳያዩዋት ክንዷን በግራ እጃቸው ጨበጥ አደረጉት። አፏን ዘጋች።

ወጣቱ ሐኪም መጥቶ ኮታቸውን አወለቀ፤ ክራባቱን ላላ አድርጎ ሸሚዙን እስከ ታች ከፈተው። ደረታቸውን አዳመጠ፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥቶ ለቀቀው። እጁ ወደቀ። ወጣቱ ወደ ሽማግሌው አየ፤ ሽማግሌው ግን መጻፍ ጀምሯል።

«ጨርሰናል። ልብስዎን ይልበሱ» አለ ቀና ሳይል።

የምሕረት እጆች በራሳቸው ተነሡ። ልማድ ነዋ። ከታች ትጀምራለች፣ ሰባት ቁልፍ ነው፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆልፈዋለች። እጆቿ ሸሚዙ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቆመች።

እናገራለሁ ብትል አባባን በአፏ ልታዋርዳቸው ነው። ብትቆልፍላቸው ደግሞ ሰውየው ቀና ሲል ሁሉም ተቆልፎ፣ ሁሉም አምሮ ነው የሚያገኘው። ልክ እንዳለፈው ጊዜ።

እጆቿን ወደ ኋላዋ ወሰደችና አንዱን በሌላው ያዘችው።

አባባ ጠበቁ። ከዚያ ዞር ብለው አዩዋት። ምሕረት ዓይኗን አላሸሸችም፤ ዕንባ ግን ሞልቶበት ነበር። አባባ ግራ እጃቸውን ወደ ሸሚዙ ላኩ። ቁልፉን አገኙት፤ ቀዳዳው ሸሸ። ቀዳዳውን ያዙት፤ ቁልፉ አመለጠ። ነጭ ጸጉር ያለበት ደረታቸው ተገልጦ በክፍሉ ብርድ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ታይፑ ቆመ። ሽማግሌው ሐኪም ቀና አለ።

አራተኛው ሙከራ ላይ ቁልፉ ገባ፤ የገባው ግን በሌላ ቀዳዳ ነበር። የሸሚዙ አንዱ ጎን ወደ ላይ ተሰቀለ። ዕድሜውን ሁሉ የሰው ልብስ ሲያስተካክል የኖረ ሰው፣ ያንን ቁልቁል አየው።

«ሲኞሪና፣ ለምን አትረጂያቸውም?» አለች ታይፒስቷ።

የመለሱት አባባ ናቸው።

«በየቀኑ ትረዳኛለች» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ይሄን ሸሚዝ ጠዋት ጠዋት የምትቆልፈው እሷ ናት። ክራባቱንም። ጫማውንም። ከዚያ እየሮጠች ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አስተማሪ የለንም ትለኛለች። ዓመቱን ሙሉ አስተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት የት አለ? እኔም አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። የጻፈውን ወረቀት ለብቻው አስቀመጠና ሌላ አዲስ ወረቀት ሳበ።

«አሎራ» አለ። «እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምር። ሲኞር፣ ይራመዳሉ?»

«ከእሷ ጋር» አሉ አባባ።

ሲወጡ ወጣቱ ሐኪም ውጤቱ በፖስታ እንደሚመጣ ነገራቸው። መቼ? እንጃ፤ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ።

በትሬኒኖው ውስጥ አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ምሕረት ጎን ለጎን ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ተቀይመዋል ብላ አሰበች። ሸሚዛቸው በስተመጨረሻ በሷ እጅ ተስተካክሎ ተቆልፏል፤ ክራባቱ ግን ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«አባባ...»

«ተይ። አሁን አይደለም።»

በማግሥቱ ጠዋት ቁርሱን ይዛ ስትገባ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ግራጫው ሹራብ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ሸሚዙን ከወንበሩ ላይ ልታነሣ ሄደች።

«ተዪው» አሉ።

«ሹራቡን ላልብስዎት?»

«አልኩሽ እንዴ? ስንት ሰዓት ነው?»

ሰዓቱን አየች። አሁኑኑ ከወጣች የመጀመሪያው ደወል ላይ ትደርሳለች።

«ቦርሳሽን ያዢና ውጪ። አብረኸት ኋላ ብቅ ብላ ታየኛለች፤ ትናንት ማታ ለምኛታለሁ።» ለምኛታለሁ የሚለውን ቃል እንደ መራራ መድኃኒት ነበር የዋጡት።

ምሕረት ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። በሩን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችውም። በስንጥቁ በኩል አየች። አባባ ግራ እጃቸውን አስገቡ። ቀኙን በግራቸው እየጎተቱ ከተቱት። ከዚያ ራሳቸውን ሲያስገቡ አንገቱ ጋ ተያዘ፤ የሚታየው ሹራብ ብቻ ሆነ፣ እዚያው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

እጇ በሩን ሊገፋ ተነሣ።

«እዚያ መቆምሽን አውቃለሁ!» አለ ድምፅ ከሹራቡ ውስጥ። «ድንች አይደለሁም፣ እወጣለሁ! ሂጂ!»

ምሕረት እጇን መለሰች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና አንድ ጊዜ ብቻ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ከዚያ ደረጃውን ወረደች፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን።