ብቻውን የተነፋ እምቢልታ

ዶክተር ፍሬው ሦስቱን እምቢልታዎቼን ለአንድ ወር ብሎ ወስዶ አልመልስም አለኝ። በደሉ ይኸው ነው፣ ሌላ ጌጥ የለውም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ በሙት ድምፅ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። አገር ቤት ጎረቤታችን ዛር ወረደባት ተብሎ መንደሩ ሲተራመስ እኔ ይታየኝ የነበረው ሥራ የሰለቻት ሴት ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ኮሪያታውን ሰፈርም አብሮኝ ቤት የተከራየው ልጅ ፍሪጁ ሌሊት ሌሊት ያቃስታል ብሎ ጠበል ሲረጭበት፣ ወንድሜ ሞተሩ አርጅቶ ነው፣ ጠበሉን ለራስህ ጠጣው ብዬዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ካልጣማችሁ ተዉት፣ እንዲጥም ብዬ አልጻፍኩትም።

የምሠራው ቱሪስት በቫን ማመላለስ ነው። ሎስ አንጀለስን ጥንታዊ ከተማ ናት ብለው ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ እመኑኝ አሉ፣ ከበርባንክ ኤርፖርት አነሳቸዋለሁ፣ ጠዋት ስፔኖች በጭቃ ጡብ የሠሩትን አሮጌ ቤት ያያሉ፣ የእኛ አገር በረት የመሰለ ግድግዳ ፊት ቆመው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ትልልቆቹን ሙዚየሞች በሩጫ ይዞራሉ፣ ከሥዕሉ ይልቅ ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ አምጥቼ ዶክተር ፍሬው በር ላይ አራግፋቸዋለሁ።

የዶክተር ፍሬው ቤት ሙዚየምም ቲያትር ቤትም ነው ይላል። ቀድሞ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ አዳራሽ ነው። ከፊት ለፊት የመስታወት ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ከኋላ መድረክ አለ፣ እንግዳው መጀመሪያ በመስታወት ውስጥ ያለውን እያየ ያልፋል፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እስክስታ ያያል፣ ከዚያ በፌርፋክስ በኩል ወጥቶ ይበላና ኢትዮጵያን አየሁ ብሎ ይተኛል። ሰውየው የምን ዶክተር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ብጠይቀው ግን እኔ የዚያ ዓይነት አይደለሁም ብሏል። ትሕትናው አይጣል ነው፣ አንቱ ሳይል አይጠራኝም። ሌባ አይቻለሁ፣ በአንቱታ የሚሰርቅ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

አሁን ስለ እምቢልታ ልንገራችሁ፣ ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። እምቢልታ ረጅም የቀርከሃ መሣሪያ ነው፣ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም፣ አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፣ ትልቁ ሲል ትንሹ ይቀበላል፣ መካከለኛው መሃል ይገባል፣ ዜማው ከሦስቱ አፍ ተሰፍቶ ነው ሙሉ የሚሆነው። ላስታ ሳለን ትልቁን አባቴ ይነፋ ነበር፣ ትንሹን አጎቴ ይመር፣ መካከለኛውን እኔ። ሰርጉም ንግሡም ያለ እኛ አይደምቅም ነበር፣ ታዲያ ከበላን በኋላ ወደ ጓሮ ነበር የምንሸኘው፣ ሰው ነፊን እንዴት እንደሚያይ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አባቴ የፊት ጥርሱ አንድ ጎድሎ ስለነበር ትንፋሹ ከድምፁ ቀድሞ እስስ ይል ነበር፣ እንደ ተጣደ ድስት። አጎቴ ይመር ደግሞ ዜማው ባለቀ ቁጥር አንድ ጊዜ ያስል ነበር፣ ታምሞ አይደለም፣ ልማድ ነው። ሦስታችንም ከመንፋታችን በፊት ቀርከሃው ውስጥ ውሃ እናፈሳለን፣ የደረቀ እምቢልታ ድምፁ ይሰነጠቃል። አባቴ አንድ ነገር አጥብቆ ከልክሎኝ ነበር፣ እምቢልታ ለብቻው አይነፋም፣ ለብቻው የነፋ የሌሉትን ይጠራል ይለኝ ነበር። እኔ ይህን እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ለብቻዬ ያልነፋሁት ፈርቼ አይደለም፣ ነውር ስለሆነ ነው፣ ቃሬዛ ለብቻው የሚሸከም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አባቴም አጎቴም ሞቱ። እኔ ሚስቴ ዲቪ ደርሷት መጣሁ፣ ሚስቴ አሁን ሲያትል ከሌላ ሰው ጋር ናት፣ እሱን ተዉት። ከዚያ ሁሉ የቀሩኝ ሦስቱ እምቢልታዎች ናቸው። ዶክተሩ በር ላይ እንግዳ ስጠብቅ ወሬ አስጀመረኝና ስለ እነሱ ነገርኩት፣ ጋሽ አያሌው ለአንድ ወር ብቻ ያውሱን አለኝ፣ አዋስኩት። ወሩ ሄደ፣ ዓመቱም ሄደ። ስጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እርስዎ ጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከጫማ ጋር ነበር የተቀመጡት፣ እዚህ ግን ክብር አላቸው አለኝ። የጫማው ነገር እውነት ነው፣ ያበገነኝም እውነት መሆኑ ነው።

ስነዘንዘው ከርሜ በዚህ ክረምት አንድ ሐሳብ አመጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ከቴክሳስ ትልቅ የጎብኚ ቡድን ይመጣል፣ መካከለኛውን እምቢልታ ይዤ መድረክ ላይ ለብቻዬ ከነፋሁ ሦስቱንም ይመልስልኛል። እምቢልታ ለብቻው አይነፋም አልኩት።

«ሶሎ ነው የሚባለው ጋሽ አያሌው» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ።

ነውሩን ዋጥኩት፣ እሺ አልኩ፣ እምቢልታዎቼን ነበር የምፈልገው።

ሰኞ ለልምምድ ተጠራሁ። ሰኞ ዝግ ነው። የሙት ታሪክ ሁሉ ሌሊት ነው የሚሆነው፣ ይህ ግን የሆነው በጠራራ ቀን ነው፣ ሰው ምሳ እየበላ፣ ከመንገድ ማዶ መኪና ፓርክ የሚያደርግ ሰው ከሌላው ጋር እየተሰዳደበ። አዳራሹ ውስጥ ዶክተሩና እትዬ ዘነቡ ብቻ ነበሩ። እትዬ ዘነቡ ትኬት የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሰኞ ሰኞ መስታወቱን ይወለውላሉ። ስገባ የእምቢልታዎቹን ሳጥን ከፍተው በጨርቅ እያደረቁ ያጉረመርማሉ።

«አያሌው፣ እነዚህ ቀርከሃዎችህ ሽንታቸውን አይቋጥሩም እንዴ?» አሉኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ በትልቁና በትንሹ ስር ያለው ቀይ ጨርቅ ረጥቧል፣ በመካከለኛው ስር ያለው ደረቅ ነው። በየሳምንቱ እንዲህ ነው አሉ እትዬ ዘነቡ። ከኤሲው ነው አለ ዶክተሩ፣ ኤሲው ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ሌላ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። እኔም ከኤሲው ይሆናል አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ የማላምን ሰው ነኝ አላልኳችሁም?

ዶክተሩ መካከለኛውን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ሌሎቹን ግን ይዤ እንዳልሮጥ ይመስለኛል፣ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፈሰስኩበት፣ መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ ነፋሁ። አስቀያሚ ነበር። ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ ባዶ፣ እንደገና ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ ባዶ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ። ልቤ ውስጥ የአባቴንና የአጎቴን ቦታ እየቆጠርኩ ነበር የምነፋው፣ ካልቆጠርክ የራስህን መግቢያ አታውቀውም።

መጀመሪያ የሰማሁት እስስ የሚል ነገር ነው። ኤሲው ነው አልኩ። በሁለተኛው ዙር እንደገና እስስ አለ፣ ልክ የአባቴ ቦታ ላይ፣ ከዚያ ከእስስታው ኋላ ትልቁ እምቢልታ ድምፁን አወጣ፣ ዝግ ብሎ፣ ከብርድ ልብስ ስር እንደሚመጣ ድምፅ። ቀጥሎ ትንሹ ተቀበለው። እኔ ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም፣ ለምን እንዳላቆምኩ አትጠይቁኝ፣ ሁለት ሰው ሲቀበልህ መሃል ላይ ጥለህ አትሄድም፣ እንዲህ ነው ያደግኩት። ዜማውን ጨረስነው። ጨረስነው ነው ያልኩት። ዝም ሲል ከሳጥኑ በኩል አንድ ሳል ተሰማ።

እትዬ ዘነቡ ጨርቃቸውን እንደያዙ ቁጭ ብለዋል፣ ያማትባሉ። መስታወቱ ከውስጥ በኩል ሁለት ቦታ ላይ በጉም ተሸፍኗል፣ አንደኛው በትልቁ አፍ ትክክል፣ ሁለተኛው በትንሹ። ወዲያው ጉሙ እየሳሳ ጠፋ። ዶክተሩስ? ፊቱ በርቷል። ስልኬ ውስጥ የደበቅኩት ቅጂ መሰለው፣ ግሩም ነው፣ ስፒከሩን የት ነው ያስቀመጡት አለኝ። ስልኬ ቫኑ ውስጥ ነበር። መካከለኛውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና ዳግመኛ አልነፋም፣ ሦስቱንም ወይ ስጠኝ ወይ አትስጠኝ ብዬው ወጣሁ። ቫኑን ወዲያው ድራይቭ ማድረግ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ከቴክሳስ የመጡትን አመጣኋቸው፣ ሥራዬ ነው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። የእስክስታዎቹ ልጆች ትከሻቸውን አራገፉ፣ እንግዳው አጨበጨበ፣ ከዚያ ማን ቢወጣ ጥሩ ነው፣ ዶክተር ፍሬው ራሱ፣ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ የእኔን እምቢልታ ይዞ። በእንግሊዝኛ ብዙ ለፈለፈ፣ ከነገሥታት ግቢ ጀምሮ፣ ነፊዎቹ ወደ ጓሮ እንደሚሸኙ አላነሳም። ከዚያ ነፋ። ጭነት የከበደው አህያ እንኳ ከዚያ የተሻለ ድምፅ ያወጣል። ቴክሳሶቹ ፈገግ አሉ።

እስስ አለ።

ትልቁ ገባ፣ ትንሹ ተቀበለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እንግዶቹ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ስፒከር ፍለጋ ነው፣ ደስ ብሏቸዋል። ዶክተሩም ደስ ብሎት አንዴ ደገመ፣ ከዚያ እጅ ሊነሳ ጎንበስ ሲል እምቢልታውን ከአፉ አወረደው። ወርዶም መካከለኛው አላቆመም። በእጁ ላይ፣ ከጉልበቱ አጠገብ፣ አፍ ሳይነካው፣ በልክ በልኩ ይገባ ነበር፣ ሁለት ድምፅ፣ ለትልቁ ቦታ ለቆ፣ ለትንሹ ቦታ ለቆ፣ እንደገና ሁለት ድምፅ። የእኔ አነፋፍ ነው። መጨረሻዋን ጎተት አደርጋለሁ፣ አባቴ ሁልጊዜ የሚቆጣኝ በእሷ ነበር፣ ያችን መጎተት ሰማኋት። ዶክተሩ እጁን ያየዋል፣ ሊጥለው ፈልጎ ጣቱ አልከፈት ያለው ይመስላል። ዜማው አለቀ። ከሳጥኑ በኩል እንደገና ያ ሳል ተሰማ። ቴክሳሶቹ ተነስተው ቆመው አጨበጨቡ፣ አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች፣ እነዚህ ሰዎች ለምንም ነገር ያጨበጭባሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ አንድ ቀን ከሰዓት ዶክተሩ ኮሪያታውን ቤቴ ስር መጥቶ ደወለ። ደረጃውን አልወጣም፣ እኔ ወረድኩ። ሦስቱን በመታጠቢያ ፎጣ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ልጅ አቅፏቸዋል። ካባ የለ፣ ንግግር የለ። ተቀበልኩት።

«ጋሽ አያሌው፣ ሁለቱ አባትዎና አጎትዎ ናቸው እንበል» አለኝ። እትዬ ዘነቡ ከእኔ የሰሙትን ነግረውት ነበር። «የመሃሉን የነፋው ማነው?»

«የመሃሉ ነፊ እኔ ነኝ» አልኩት።

«እርስዎ እኮ በር ላይ ቆመው ነበር። አይቼዎታለሁ።»

ፎጣውን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ሳይደረድርልኝ።

እኔ በሕይወት አለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ከዚያ ልጅ ጋር በፍሪጁ እጨቃጨቃለሁ። ለብቻው የነፋ የሌሉትን ይጠራል ነበር ያለኝ አባቴ፣ የሌሉትን። እኔ የት ሄጄ ነው? ስለዚህ ነገር ማሰብ አልወድም፣ ሰው ሲጠይቀኝም ኤሲ ነው እላለሁ። እምቢልታዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ አቁሜያቸዋለሁ፣ ጫማዎቹን ከዚያ አውጥቻለሁ፣ ቤቱ ኤሲ የለውም፣ የውሃ ቱቦም በዚያ በኩል አያልፍም። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ከፍቼ ምንጣፉን በእጄ እዳስሳለሁ። በትልቁ ስር እርጥብ ነው። በትንሹ ስር እርጥብ ነው። በመካከለኛው ስርም አሁን እርጥብ ነው።

ለማንኛውም ንብረቴ ተመልሷል፣ ከዶክተር ፍሬው ጋር የነበረኝ ጉዳይ በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን አልቋል።