ከስልሳ በታች

«እሰይ፣ ለቀቀው» አለች አንዷ ሴት፤ ሌሎቹም ተቀብለው አመሰገኑ። ሞላ ከጠበሉ ዳር ተንበርክኮ ያስታውካል። የሰኔ ብርድ ከጉና ተራራ ቁልቁል እየነፈሰ፣ እሱ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ርሶ ይንቀጠቀጣል። አባ ገብረየሱስ መስቀላቸውን ጀርባው ላይ አሳርፈው «በል ጨርሰህ ውጣ» ይላሉ። የሚያናግሩት ሞላን ሳይሆን አድሮበታል ያሉትን ክፉ መንፈስ ነው።

ትርንጎ ብቻ አላመሰገነችም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ ሞላ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልዘለቀለትም፣ የቀመሳትንም መልሷታል። እናታቸው የሺ ራሱን ደግፋ፣ «ልጄ፣ ምን እንደሆንክ ተናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችው። ሞላ አፉን በእጁ ጠርጎ ፊቱን አዞረ።

ትንሽ ሲቀለው ከጥዱ ሥር አስቀመጡት። እናቱ ጋቢ ልታመጣ ሄደች። ትርንጎ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ያ ሜዳው ላይ ያለው አደይ ነው እንዴ?» አላት ቀስ ብሎ።

ዞር ብላ አየች። ከብት የረገጠው ጭቃ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይኼኛው ጉድ ግን መስከረምን ራሱን በሰኔ ይዞ መጣ።

«አደይ የለም» አለችው።

«እንግዲያ ምንድን ነው? ሁሉም ነገር ብጫ ብጫ ይልብኛል። ያንቺም ፊት።»

ትርንጎ ይህን ነገር ታውቀዋለች። ደርሶባት ሳይሆን፣ እንዳይደርስባት ስትጠበቅ የኖረችበት ነው።

ልጅ ሳለች ጉሮሮዋንና ጉልበቷን ሲያሠቃያት የነበረው በሽታ ልቧ ላይ አርፎ ቀርቷል። ከደብረ ታቦር ሆስፒታል የልብ ኪኒን ታዘዘላት። ሥራውን ያስረዳት የገሳይ ጤና ጣቢያው ጤና ረዳት አቶ ቀለመወርቅ ነበር። «ኪኒኑ ልብሽን ዝግ ያደርገዋል። እንዳያበዛው ታዲያ በየጠዋቱ የእጅሽን ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከስልሳ በታች ከሆነ እንዳትውጪ። እህል ካስጠላሽ፣ ዓለሙ ብጫ ከመሰለሽ ደግሞ ሮጠሽ ነይ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ሮጠሽ አልኩ? ቀስ ብለሽ ነይ።»

ለመቁጠር ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ያስፈልጋል ሲባል፣ ሞላ ሊያርስበት ያሳደገውን ወይፈን ሽጦ ትልቅ የወንድ ሰዓት ገዛላት። ጎረቤቱ ሁሉ «የሺ ልጇን ሚኒስትር ልታደርግ ነው» እያለ ሳቀባቸው። መቁጠር እስክትለምድ ድረስ በየጠዋቱ እጇን ይዞ፣ በግ ወደ በረት እንደሚያስገባ ሰው ጮክ ብሎ ይቆጥርላት የነበረውም እሱ ነው።

አሁን እሷ እጁን ያዘች። ትርታው መጣ፣ ወንዝ እንደፈራ በቅሎ ቆም አለ፣ እንደገና መጣ። የሰከንዱ ዘንግ ዞሮ ሲያበቃ አርባ አንድ ላይ ነበረች።

«ኪኒኔን ውጠሃል» አለችው። ጠዋት ብልቃጡ ቀሎባት፣ እናቷ ጠበል ከመድኃኒት ጋር አይሆንም ብላ ቀንሳ የደበቀችው መስሏት ነበር።

«ነገ ምርመራ አይደል» አለ ሞላ። «ልቡ የደከመን አይወስዱም ሲሉ ሰማሁ። ኪኒኑ ያንቺን ልብ ዝግ ሲያደርገው ደግሞ በእጄ ይዤ አውቀዋለሁ።»

የገበሬ ማኅበሩ ስሙን ለብሔራዊ ውትድርና ካስተላለፈ ሰንብቷል። ባለፈው ዓመት ከሄዱት የመንደሩ ልጆች የሁለቱ መርዶ መጥቷል፤ የቀሩት ድምፃቸው የለም።

«ለጋሽ ቀለመወርቅ ልንገረው» አለች።

«እሱ ነገ ከመርማሪዎቹ ጋር ነው የሚቀመጠው። ከግዳጅ ለማምለጥ ብሎ ነው ካሉኝ አለቀልኝ፤ ወይ ያስሩኛል፣ ወይ አስረው ይወስዱኛል። አንዲት ቀን ዝም በይልኝ። አንቺን መቼ ገደለሽ?»

«እኔ ቆጥሬ ነው የምውጠው።»

ተናደደችበት። ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላት። ብትናገር ይወስዱታል፣ ዝም ብትል እጇ ላይ ይሞታል። የወይፈኑን ነገር አላነሳባትም፤ ባለማንሳቱ ይበልጥ ከበዳት።

እናቷ ጋቢውን ይዛ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። «አባ ሰባት ቀን ይጠመቅ ብለዋል። ወጥቶለታል እኮ» አለች። ትርንጎ ሰዓቱን ፈታ ሞላ እጅ ላይ አሰረችለት።

«ቁጠር» አለችው። «እስክመጣ እንዳታቆም። እማዬ፣ እጁን ያዢው። ወደ ጠበሉ እንዳትመልሱት፣ ብቻውንም እንዳትተዪው።»

«ወዴት ነሽ አንቺ?»

«ገሳይ ደርሼ መጣሁ።»

ገሳይ ሩቅ አይደለም፤ ለሚሮጥ ሰው። ትርንጎ ግን ሽቅቡ ላይ ትንፋሿ እየተቆረጠ ትቆማለች። በቆመች ቁጥርም ተመለሺ ተመለሺ ይላታል። ሰዓት የለመደ እጇ ባዶ ሆኖ በርዷታል።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አረንጓዴ መኪና ቆሟል። ለነገው ምርመራ የመጡት መልማዮች ናቸው። አንዱ የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ ይፈትሻል። እንዳላየችው አልፋ ገባች።

አቶ ቀለመወርቅ እሷን ሲያይ ከሰላምታው በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ስንት ሆነ?»

«አርባ አንድ።»

ደንግጦ እጇን ያዘና በራሱ ሰዓት ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ያንቺማ ይጋልባል። የማን ነው አርባ አንዱ?»

የሆነ ውሸት አፏ ጫፍ ላይ ነበር። «የወንድሜ» አለች። «ኪኒኔን ውጦ ነው። ብጫ ያያል።»

አቶ ቀለመወርቅ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እዚህ ለእሱ የሚሆን ነገር የለኝም» አለ። «ዛሬውኑ ደብረ ታቦር መድረስ አለበት። በቃሬዛ ከሄደ አይደርስም። መኪና ያለው ደግሞ...» በመስኮቱ አመለከተ።

«ምን ሆኖ ነው ቢሉ አይዋሹልኝም?»

«ሆስፒታል ድረስ አብረውት ነው የሚሄዱት። ለእነሱ ብዋሽ ለሐኪሙ ምን እላለሁ? ሐኪሙ ምን እንደዋጠ ካላወቀ...» አልጨረሰውም። ኮቱን አነሳ፣ መልሶ ወንበሩ ላይ አኖረው። ልጆች እንዳሉት ትርንጎ ታውቃለች።

ሰዓቱ የነበረበትን ቦታ አየች። ማሰሪያው ቆዳዋ ላይ መስመር ትቶበታል። ከጥዱ ሥር ሞላ እየቆጠረ ይሆናል፤ ወይም ቁጥሩ ጠፍቶበታል።

አቶ ቀለመወርቅን አልጠበቀችም። በሩን ራሷ ከፍታ ወደ መኪናው ሄደች። ጎማውን የሚፈትሸው ሰው ቀና አለ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ወንድሜ ታሟል። ደብረ ታቦር አድርሱልኝ።»

«ስሙ ማን ነው?»

ስሙ መልማዮቹ ኪስ ባለው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ታውቃለች።

«ሞላ» አለች። «ሞላ እሸቴ።»