ጣሪያ ጣሪያውን የምታየው ሴት

ኦረስት መጀመሪያ ያያት ቀን ተናዶ ነበር። በእሷ አይደለም፤ በቡድናችን አዲስ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሰውየው ዋናውን ግብ ጠባቂያችንን ሸጦ፣ በምትኩ ስሙን እንኳ በቅጡ የማንጠራውን ተከላካይ አምጥቶብን ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።

«ይሄ ሰውዬ በር ሸጦ መጋረጃ የሚገዛ ነው!» አለኝ።

«አንተ ሥራ አስኪያጅ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ሊጉም አይኖርም ነበር» አልኩት።

ቬልማ ፍሪሰን እባላለሁ። የሃልደን ቀበሮዎች የሚባለው የከተማችን የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ደጋፊ ከሆንኩ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የደጋፊዎቹን የፌስቡክ ገጽ የማስተዳድረውም እኔ ነኝ፤ ማን ምን እንደሚጽፍ አይቼ የማሳልፈው እኔ ነኝ። ኦረስት ሃቭሪልዩክ ደግሞ አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። የእህል ጎተራ ማሽን ይጠግናል። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንዴ አግብቶ ፈቷል። ልቡ ደግ ነው፣ አፉ ግን ይቀድመዋል።

የዚያን ቀን በእሱ ወዲያኛው ጎን አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ካፖርት፣ አጭር ፀጉር፣ በእጇ የወረቀት ኩባያ ቡና። ሰው ሁሉ በረዶው ላይ አፍጥጦ ሳለ እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ጣሪያውን ታያለች። ግብ አገባን። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። እሷ አሁንም ጣሪያውን ታያለች!

ኦረስት አላስቻለውም።

«ይቅርታ እመቤቴ... ጨዋታው እታች ነው።»

ደንግጣ ዞር ስትል ቡናው ጉልበቱ ላይ ተገለበጠ።

«ውይ! በጣም ይቅርታ! አቃጠልኩዎት?»

«ኧረ ምንም አይደል። ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን ነው የሞቀኝ።»

ሳቀች። ኦረስትም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ግብ ጠባቂው አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

ጆስሊን ፓኬት ትባላለች። እዚሁ ካናዳ የደቡብ ሳስካቸዋን ልጅ ናት፣ ቤታቸው ፈረንሳይኛ ከሚናገሩት። ለሦስት ወር ሥራ እንደመጣች ነገረችን።

«ምን ሥራ?» አላት ኦረስት።

«የሕንፃ ነገር ነው» አለችና ወደ ጨዋታው ዞረች።

ከተማችን ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት እየተሠራ ነበር። ለእሱ ነው የመጣችው ብለን የቀረውን እኛው ጨረስንላት።

ከዚያ በኋላ አንድም የሜዳችን ጨዋታ አላመለጣትም። ኦረስት የሥጋ መረቅ የፈሰሰበት የድንች ጥብስ ይገዛል፣ መሃላቸው ያስቀምጣል፣ በሹካው እያመለከተ ሕጉን ያስተምራታል።

«ፓኩ፣ ያ ጥቁሩ ክብ ጎማ፣ ከሰማያዊው መስመር ሳያልፍ እርስዎ ካለፉ ጥፋት ነው።»

«ቀድሞ መሄድ ጥፋት ነው ማለት ነው?»

«አዎ። መጠበቅ አለብዎት።»

«አንተ ራስህ መጠበቅ ትችላለህ?»

ኦረስት ሹካውን አስቀመጠ። «አንተ» ብላው ነበር። እሷም የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እንዳንቺ ያለ ሰው ከሆነ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «እጠብቃለሁ።»

እኔ ድንቹን በላሁ። ምን ላድርግ?

በየካቲት ወሬው መጣ። የቡድኑ ባለቤት የምንጫወትበት አዳራሽ፣ አሬናው፣ አርጅቷል፣ ጣሪያው አያስተማምንም፣ ሊጉ ከፈቀደ ቡድኑን ወደ ምዕራብ ወደ ትልቅ ከተማ እወስዳለሁ አለ። ለዚህም የባለሙያ ሪፖርት እየተጻፈ ነው ተባለ። ገጻችን ታመሰ። በአንድ ቀን አራት መቶ አስተያየት! አንዱ ባለቤቱን ይሰድባል፣ አንዱ ሊጉን፣ አንዱ ከንቲባውን። ኦረስት ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ሪፖርቱን የሚጽፈው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከማን እጅ እንደሚበላ ግን አውቃለሁ። ጣሪያው ምንም አልሆነም። ጸሐፊው የተገዛ ውሸታም ነው!»

አነበብኩት፣ ሳቅኩ፣ አሳለፍኩት። የእኔ ጥፋት ይኸው ነው።

በቀጣዩ ጨዋታ ጆስሊን አልመጣችም። ኦረስት ድንቹን ገዝቶ ጠበቃት፤ ቀዘቀዘ። ስልክ ደወለ፤ አላነሳችም።

ማክሰኞ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከንቲባው «መሐንዲሷ ታስረዳችሁ» አሉና ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሣች። ጥቁር ካፖርት፣ አጭር ፀጉር።

ኦረስት ክንዴን ጨበጠኝ። እስካሁን ያመኛል።

ጆስሊን ድምፅዋን ሳታነሣ አነበበች። ጣሪያውን ከተሸከሙት የእንጨት ተሸካሚዎች ሦስቱ ከውስጥ በስብሰዋል። የዘንድሮውን በረዶ ክብደት ይችላሉ ማለት አይቻልም። አሬናው ከነገ ጀምሮ ይዘጋል። ሰዉ ጮኸባት። አንዱ «የተገዛች!» አለ፤ የኦረስትን ቃል። ወረቀቷን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ሲያልቅ ኦረስት በመኪና ማቆሚያው ጠበቃት። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«ሁለት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ!»

«መናገር አልችልም ነበር። ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምንሽ ነበርኩ? ወሬ መልቀሚያሽ?»

«እኔስ ምንህ ነበርኩ? የተገዛች ውሸታም?»

«አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም!»

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ልክ ይሆን ነበር?»

እሷ መኪናዋን ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ ከተሰካበት ኤሌክትሪክ ነቀለች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ ሄደች።

ባለቤቱ በማግስቱ የሪፖርቱን የመጀመሪያ ሁለት ገጾች ለጋዜጣ ሰጠ። በሳምንቱ ሊጉ ዝውውሩን አጸደቀ። ገጹ ላይ ስሟን የማያነሣ አልነበረም፤ እኔም ስድቡን ስሰርዝ እውል ጀመር። ዘግይቶ የመጣ ትጋት ነው፣ አውቃለሁ።

ኦረስት ግን ሌላ ነገር አሰበ። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ሙሉውን ሪፖርት ጠየቀ። ስህተት ሊፈልግባት ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ሥልሳ አንድ ገጽ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን እየሰጠችው፦

«የቅዳሜው ጨዋታ ትኬት ተሸጦ አልቋል፣ ከዚያ በኋላ ይዘጋ ብለዋት ነበር እኮ» አለችው። «ልጅቷ ናት እምቢ ያለችው። ‹ሰው ከሥሩ አላስቀምጥም› ብላ።»

ሦስት ቀን አነበበ። በአራተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱን ጠጋኝ ለምኖ አብሮት ጣሪያው ሥር ወጣ። ወደ እኔ ቤት ሲመጣ ልብሱ አቧራ ለብሷል።

«ካቻቪቴዬን እንጨቱ ውስጥ ከተትኩት፣ ቬልማ። እስከ እጀታው ገባ።»

«የትኛው ጋ?»

«ከእኛ ወንበር በላይ።»

የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ።

«ልክ ናት» አለ። «ደግሞ ይህን አንብቢ።»

ሃምሳ አራተኛው ገጽ ነበር። ጣሪያው በአንድ በጋ ሊጠገን እንደሚችል፣ ብረቱ የት የት እንደሚገባ፣ ሕንፃው ከዚያ በኋላ ሌላ አርባ ዓመት እንደሚያገለግል ተጽፏል። ባለቤቱ ይህን ገጽ ለማንም አላሳየም።

ኦረስት እዚያው የእኔ ጠረጴዛ ላይ ጻፈ፦ «ውሸታም ያልኳት ሰው እውነቱን ጽፋለች። ሳላነብ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ሙሉው ሪፖርት ከሥር አለ፤ አንብቡት። ጆስሊን ፓኬት፣ ይቅርታ።» ከሥሩ ሙሉ ስሙን አሰፈረ።

«ይስቁብሃል» አልኩት።

«ይሳቁ።»

ሳቁበት። ግን አነበቡትም። በመጋቢት መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ጣሪያው ይጠገን ብሎ ወሰነ። ሊጉ ግን ውሳኔውን አላጠፈም። በሚያዝያ ሁለት የጭነት መኪናዎች መጥተው ማሊያውን፣ ዋንጫዎቹን፣ የሰውነት ማጠንከሪያውን ዕቃ ሁሉ ጭነው ሄዱ። ሠላሳ ሰው ያህል ቆመን አየን።

ጆስሊን ለይቅርታው መልስ አልሰጠችም። ኦረስት በግንቦት አንድ ቅዳሜ ተነሥቶ እሷ እስከምትኖርበት ከተማ እስከ ሬጂና ድረስ ነዳ። የተባባሉትን የነገረኝ እሱ ነው፤ እሷም ስትሰማ አላስተባበለችም።

በሩን ከፍታ ቆመች።

«ለምን መጣህ?»

«ገጹ ላይ ይቅርታ የጠየቅኩት ሰዉ ፊት ነው። አንቺን ገና አልጠየቅኩም።»

«አነበብኩት።»

«እና?»

«የፊደል ግድፈቱ ብዙ ነው።»

«ጆስሊን...»

«በስድቡ አይደለም ያዘንኩት» አለችው። «ስድብ ለምጃለሁ። ሕንፃ የሚዘጋ ሰው አይወደድም። አንተ ግን አጠገቤ ሆነህ ታውቀኝ ነበር። መኪናዎቹ ጋ ስንቆም አንድ ጊዜ እንኳ ‹ምን አየሽ?› ብለህ አልጠየቅከኝም።»

«አልጠየቅኩም» አለ ኦረስት። ሌላ ምክንያት አላበጀም። «ቡድኑ ስለሄደብኝ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። ቡድኑ ሄደ፤ እንቅልፍ የነሣኝ ግን አንቺ ነሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከኋላው የቆመውን አቧራ የለበሰ መኪና አየች።

«ስንት ሰዓት ነዳህ?»

«አራት።»

«በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ግባ» አለችው።

በበጋው የጥገናውን ሥራ ለመቆጣጠር ተመልሳ መጣች። ኦረስት ከሥራ ሲወጣ ብረት ሊያቀብል ይሄዳል፤ አንዳንዴም ያለ ብረት ይሄዳል። በመስከረም፣ አጨዳው እንዳለቀ፣ የኦረስት ወገኖች በሆኑት በዩክሬኖቹ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተጋቡ። እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። የከተማው መሐንዲስ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን እሷ ያዘች፤ በባቡር ሐዲዱ በኩል ትንሽ ቤት ገዙ።

አሁን አሬናው ውስጥ የሚጫወተው የከተማው ልጆች ቡድን ነው፤ ገበሬ፣ መምህር፣ ብየዳ ሠራተኛ። ከስድስት ጨዋታ አምስቱን ተሸንፈናል። ባለፈው እሑድ እነሱ ቤት ምሳ ጋብዘውኝ ነበር። ኦረስት የቀይ ሥር ሾርባውን ያማስላል፤ ጆስሊን ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታለች።

«ይሄ አሰልጣኝ ዛሬውኑ መባረር አለበት! ተጫዋች በሰዓቱ መቀየር አያውቅም! ምን ይጠበቃል?»

«ቆይ እስቲ» አለ ኦረስት፣ ሾርባውን እየቀዳላት። «ሰውየውን እንጠይቀው። የሚያየው ነገር ይኖራል።»

«አንተ ደግሞ!» አለችው፤ ሳህኑን ግን ስትቀበለው እጁንም አብራ ያዘች፣ ቶሎም አልለቀቀችውም።